ኤክስቴንሽን ኮምፓይል ስናደርግ ሄደር ፋይል የለም ሲለን

ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ፖስትግሬስ 16 የሚባለው ዳታቤዝ እየሠራ ነው። ፒጂቬክተር የሚባለውን ኤክስቴንሽን (ፖስትግሬስ ላይ የቬክተር ፍለጋ የሚጨምር ተጨማሪ ፕሮግራም) ከሶርስ ኮዱ ለመጫን ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ ኮዱን የሚገነባውን ትዕዛዝ ‹ሜክ› ትላላችሁ። ወዲያው ይቆማል። ‹ፖስትግሬስ ዶት ኤች› የሚባል ፋይል የለም ይላል። ዳታቤዙ ደህና እየሠራ ፋይሉ የት ሄደ? እዚህ ላይ ደንግጦ ፖስትግሬስን አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚጭን አለ። እባካችሁ አትንኩት፤ ዳታቤዙ ምንም አልሆነም።

ኡቡንቱና ዴቢያን ሰርቨሩን የሚያስኬደውን ፓኬጅና ኮምፓይለሩ የሚያነባቸውን ሄደሮች (‹ዶት ኤች› የሚባሉትን ፋይሎች) ለያይተው ነው የሚያቀርቡት። የጎደላችሁ ‹ፖስትግሬስኪውኤል-ሰርቨር-ዴቭ-16› ነው። በአፕት ጫኑት። ቁጥሩ ከሰርቨራችሁ ቨርዥን ጋር አንድ መሆን አለበት። ‹ሊብፒኪው-ዴቭ አለኝ እኮ› የሚል አይጠፋም። እሱ ከውጭ ሆነው ዳታቤዙን ለሚጠሩ ፕሮግራሞች ነው፤ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ለሚሠራ ኤክስቴንሽን አይበቃም። ሬድ ሃት ላይ ከሆናችሁ የፓኬጁ ስም መጨረሻው ‹ዴቬል› ነው።

ፋይሉን ብቻ ከኢንተርኔት አውርዶ ፎልደሩ ውስጥ መክተት አያዋጣም። ‹ፖስትግሬስ ዶት ኤች› ‹ሲ ዶት ኤች›ን ይጠራል፣ እሱ ደግሞ ‹ፒጂ-ኮንፊግ ዶት ኤች›ን። ይሄ የመጨረሻው ፖስትግሬስ ሲገነባ ለዚያው ግንባታ ተብሎ የሚፈጠር ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ አይሆናችሁም።

ልብ የሚያደርቀው ግን ሁለተኛው ምልክት ነው። ኮምፓይሉ አለቀ፣ ተጫነ፣ አንድም ስህተት የለም። ዳታቤዙ ውስጥ ‹ክሪኤት ኤክስቴንሽን› ስትሉ ግን የኮንትሮል ፋይሉን (የኤክስቴንሽኑን መግለጫ) መክፈት አልቻልኩም ይላል። ማሽኑ ላይ 16ም 17ም ካለ እዚያ ላይ ጠርጥሩ። ለሜክ መንገዱን የሚያሳየው ‹ፒጂ-ኮንፊግ› የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቨርዥኑን ጠይቁት። 17 ካለ ኤክስቴንሽናችሁ የገባው ጎረቤት ቤት ነው።

መጀመሪያ ‹ሜክ ክሊን› በሉ፤ የድሮው ግንባታ ይጥፋ። ከዚያ የ16ቱን ፒጂ-ኮንፊግ ሙሉ ፓዝ (ፋይሉ ያለበትን አድራሻ) ‹PG_CONFIG=› ብላችሁ ለሜክ ስጡት፤ ‹/ዩኤስአር/ሊብ/ፖስትግሬስኪውኤል/16/ቢን› ውስጥ ታገኙታላችሁ። ለሜክ ብቻ ሳይሆን ለሜክ ኢንስቶልም ስጡት። እኔን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ይሄ ነበር። ፓዙን ‹PG_CONFIG› በሚባለው ቫሪያብል ኤክስፖርት አድርጌ ጨረስኩ ብዬ በሱዱ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ጫንኩ። ሱዱ ደግሞ ቫሪያብሉን ይዞ አይሄድም፤ መጫኑ ተመልሶ 17 ላይ ወደቀ። ስለዚህ ፓዙን እዚያው የሱዱ ትዕዛዝ መስመር ላይ፣ ከሜክ ኢንስቶል ቀጥሎ ‹PG_CONFIG=› ብላችሁ ጻፉት።