የደረቀ መሬት ላይ ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት ውሃውን አስቁሙት

መሬት ሲራቆት ብዙ ሰው መጀመሪያ ትዝ ሚለው ችግኝ ነው፣ ይተከላል፣ በጋው ሲገባ ግን ስንቱ እንደጸደቀ ዞሮ ሚቆጥር የለም። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የችግኙ አይደለም፣ መሬቱ ውሃ አላስገባ ብሎ ነው። የአፈሩ ላይ ደርቆ ቅርፊት ሰርቷል፣ ዝናቡ ሲመታው ሳይሰርግ ተንሸራቶ ይሄዳል፣ ሲሄድ ደግሞ የተረፈችውንም ለም አፈር ጠርጎ ነው። እስኪ አስሉት፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው፣ ስለዚ 30 ሚሊ ሜትር በዘነበ ቀን 1 ሄክታር ላይ 300,000 ሊትር ወርዷል ማለት ነው። ያ ሁሉ ውሃ ቁልቁል ከሮጠ ቦረቦር ይቆፍራል፣ ካስቆማችሁት ግን እህል ይሆናል።

ለማስቆም መጀመሪያ ውሃ ልኩን የጠበቀ፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር ከፍታው እኩል የሆነ መስመር ያስፈልጋል፣ ለዚ ደግሞ ውድ መሳሪያ አያስፈልግም። 2 ሜትር አካባቢ የሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች አናታቸውን አንድ ላይ እሰሩና እግራቸውን ከፈት አድርጋችሁ መሀላቸው ላይ አግዳሚ እሰሩ፣ ኤ-ፍሬም ሚባለው ይሄ ነው። ከአናቱ ክር አንጠልጥሉና ጫፉ ላይ ድንጋይ እሰሩ፣ እንደ ግንበኛ ቱምቢ፣ ድንጋዩ ከአግዳሚው በታች ይንጠልጠል። አሁን መሀሉን መፈለግ ነው። አቁሙትና እግሮቹ ያረፉበት ሁለት ቦታ ላይ ችካል ትከሉ፣ ክሩ አግዳሚውን ሚነካበት ላይ ጭረት አድርጉ። ከዛ አዙሩትና የግራው እግር በነበረበት የቀኙን፣ በቀኙ የግራውን አቁማችሁ እንደገና ጭረት አድርጉ። ትክክለኛው ልክ የሁለቱ ጭረቶች መሀል ነው። ነፋስ ካለ ክሩ እስኪረጋ ታገሱ፣ እዚ ጋር መቸኮል በኋላ ያስከፍላል።

መሀሉን ካገኛችሁ በኋላ አንዱን እግር መሬት ላይ አቁማችሁ ሌላውን ክሩ መሀሉ ጭረት ላይ እስኪመጣ ወደላይ ወደታች እያንቀሳቀሳችሁ ችካል እየተከላችሁ መሄድ ነው። መስመሩ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፣ አይናችሁ አቅኑት አቅኑት ይላችኋል፣ አትስሙት። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ካለ ውሃው ሁሉ እዛ ይጠራቀምና በመስመሩ ላይ ምትሰሩትን እርከን ይሰብራል፣ የተሰበረ እርከን ደግሞ እርከን ጨርሶ ከሌለው ይብሳል ምክንያቱም ውሃውን ሰብስቦ አንዴ ነው ሚለቀው።

ድንጋይ ካለ በመስመሩ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር መሰረት ቆፍራችሁ ትልልቁን ከታች፣ ትንንሹን ከላይና ከክፍተቱ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ ውሃው ቀስ ብሎ ያልፋል ደለሉ ይቀራል። ድንጋይ ከሌለ የአፈር እርከን ሰርታችሁ ጠርዙ ላይ ሳር ትከሉበት። ሁሌም ከላይ፣ ከተዳፋቱ አናት ጀምሩ።

በእርከኖቹ መሀል ያለውን ጠንካራ መሬት ደግሞ በጉድጓድ ነው ሚያክሙት። ይሄ ዛይ ይባላል፣ ያኩባ ሳዋዶጎ ሚባል ሰሜን ቡርኪና ፋሶ የነበረ ገበሬ አገሩን ድርቅ ከመታው በኋላ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የቆየውን የአካባቢውን ዘዴ አሻሽሎ ሰው ተስፋ የቆረጠበትን መሬት መልሶበታል። በበጋ፣ ዝናብ ሳይመጣ፣ ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እያደረጋችሁ ቆፍሩ፣ የወጣውን አፈር በቁልቁለቱ በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ከምሩት። በየጉድጓዱ ሁለት እፍኝ የበሰበሰ ፍግ ወይ ኮምፖስት ጨምሩ። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፣ ምስጥ ስትሉ አትደንግጡ፣ እዚ ጋር ወዳጅ ነው፣ ሚፈለፍለው ቀዳዳ ነው ውሃውን ወደ ታች ሚያስገባው። ዝናቡ ሲጀምር ማሽላ ወይ ዳጉሳ ዝሩበት። አሸዋማ መሬት ላይ ግን ጉድጓዱ ይደረመሳል፣ ውሃ ሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ስሩ ይበሰብሳል፣ እዛ አትሞክሩት።

ድካሙን አልደብቃችሁም። ከጉድጓድ ጉድጓድ 80 ሳንቲ ሜትር ካራራቃችሁ 1 ሄክታር ላይ ከ15,000 በላይ ጉድጓድ ይወጣል። ስለዚ የመጀመሪያው አመት 10 በ10 ሜትር ብቻ ያዙ፣ ወደ 156 ጉድጓድ ነው፣ ያን ያላችሁን ፍግ አጥግባችሁ ስሩት።

ዛፍስ ካላችሁ፣ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት መሬቱን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ ኒጀር ውስጥ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋለው ይሄንን ነው፣ ቁጥቋጦ ሚመስለው ነገር ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ሚያቆጠቁጥ ቅርንጫፍ ነበር፣ ስሩ ከታች አልሞተም። ከ3 እስከ 5 ቀጥ ያሉ ጠንካራ ቀንበጦች ምረጡና ሌላውን ቁረጡ፣ የቀሩትንም የጎን ቅርንጫፋቸውን እስከ ግማሽ ቁመታቸው መልምሉ፣ በየጥቂት ወሩ ተመለሱበት። በዚ መንገድ ኒጀር ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ዛፍ ለብሷል፣ ሳዋዶጎም ሪናውዶም በ2018 (እ.ኤ.አ.) አማራጭ ኖቤል ሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙትም ያለምክንያት አይደለም።

ከቴክኒኩ ሁሉ ሚከብደው የሰው ስምምነት ነው። ከብት በልቅ ሚሰማራ ከሆነ ቀንበጡ አንድ ወር አይቆይም፣ ስለዚ ከመጀመራችሁ በፊት ከብት አርቢውንም፣ እንጨት ለቃሚዎቹን ሴቶችም አስቀምጣችሁ የት ይገባል የት አይገባም፣ ከዛፉስ ማን ይጠቀማል ሚለውን ጨርሱ። የኔ ነው ያለውን ሰው ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በዘነበ ማግስት ጠዋት ሂዱና አንዴ ጉድጓዱ ውስጥ አንዴ ከጉድጓዱ ውጪ በእጃችሁ ቆፍሩ። ውጪው አንድ ጣት ሳትወርዱ ደረቅ ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ ግን እጃችሁ ላይ ሚጣበቅ እርጥብ አፈር ነው ምታገኙት። እርጥበቱ እስከየት እንደወረደ ለክታችሁ ጻፉት፣ የተሸነቆረ እርከን ካያችሁ ደግሞ ቀጣዩ ዝናብ ሳይደርስ የዛኑ ቀን ጠግኑት።