የጮቄን ጅብራ ባሕር ውስጥ የሚከቱ ስህተቶች

የዕፅዋት ስርጭት ሞዴል ተክሉ የተገኘባቸውን ነጥቦች ከአየር ንብረት መረጃ ጋር አገናኝቶ ነገ የት ሊመቸው እንደሚችል ይገምታል። ክፋቱ፣ የተበላሸ ዳታ ሲሰጡትም ያማረ ካርታ ማውጣቱ ነው። ከአባይ በረሃ ተነስቶ ጮቄ ተራራ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣው ጎጃም ደግሞ ትንሿ ስህተት ብዙ ታስከፍላለች።

ነጥቦችን ሳያጣሩ መጫን። ደብረ ማርቆስ ኬክሮሷ 10.3፣ ኬንትሮሷ 37.7 ገደማ ነው። ሁለቱ ዓምዶች ከተቀያየሩ ነጥቡ ከቱኒዚያ በስተሰሜን ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይገባል። ይሄ እንኳ ወዲያው ያስቃል፤ የማይታየው የደቂቃው ነው። 10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃን 10.20 ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። 20 ለ60 ሲካፈል 0.333 ስለሚሆን ትክክሉ 10.333 ነው። ልዩነቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የደጋው ኮሶ ቆላ ሊወርድ ይችላል። የየነጥቡን ከፍታ ከ30 ሜትሩ የሳተላይት ከፍታ ዳታ አውጥታችሁ በመስክ ደብተር ከሰፈረው ጋር አስተያዩት፤ በሰፊው የሚለያየውን እስክታጣሩ አታስገቡት።

ከፍታን እንደ መተንበያ ማስገባት። በእኛ ግምት ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሙቀት በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ከፍታና ሙቀት ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ሞዴሉም ጅብራን፣ ያንን የውርጭ አገር ግዙፍ ተክል፣ «የ3,700 ሜትር ተክል» ብሎ ይማራል። አየሩ 2 ዲግሪ ሲሞቅ ተስማሚው ሙቀት 300 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከፍታው ግን ካለበት አይነቃነቅም። ሞዴሉ በከፍታው ተይዞ ጅብራውን እዚያው ያስቀረዋል፤ እናንተም «ለውጥ የለም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከፍታን ለማጣሪያ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ለሞዴሉ ሙቀቱንና ዝናቡን ስጡት።

ምሳርን ከሙቀት መቀላቀል። የአገር ጥድና ወይራ በብዛት የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ማሳው ላይ የጠፉት ተቆርጠው እንጂ አየሩ ሳይስማማቸው ቀርቶ አይደለም። ስለዚህ ማሳውን «የማይበቅልበት» ብላችሁ አትመዝግቡ። ናሙናው መንገድ ዳር ከበዛም የማነጻጸሪያ ነጥቦቹንም (ሞዴሉ ተክሉ ከተገኘበት ጋር የሚያወዳድራቸውን) በዚያው አድልዎ፣ መንገድ ዳር አብዝታችሁ ምረጡ። (ባሕር ዛፍማ ሰው ለሽያጭ የሚተክለው ስለሆነ የሚነግራችሁ የገበያውን ነገር ነው።)

በጎጃም ነጥቦች ብቻ ማሠልጠን። ጅብራ ስሜንና ባሌም አለ። የጮቄው ብቻ ከገባ ሞዴሉ የተክሉን አቅም ቆርጦ ያያል፤ የወደፊቱም ኪሳራ ከእውነቱ በላይ ይገንናል።

የ1 ኪሎ ሜትሩን የአየር ንብረት ዳታ ወደ 30 ሜትር ቆራርጦ «ዝርዝር» ማለት። ወርልድክሊም የተባለው የአየር ንብረት ዳታ ትንሹ ፒክስል (የካርታው ካሬ) ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአባይ ገደል አንዱ ፒክስል ብቻውን የበርካታ መቶ ሜትር ቁልቁለት ይይዛል። መቆራረጡ ሥዕሉን ያለሰልሳል እንጂ አዲስ መረጃ አይጨምርም።

ነጥቦችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ መፈተን። ከአንድ ደን የተለቀሙ ነጥቦች ግማሹ ለሥልጠና ግማሹ ለፈተና ከሄዱ ሞዴሉ የሚፈተነው በሚያውቀው ቦታ ነው፤ ውጤቱ ከ1 ላይ 0.95 ቢሆን አይግረማችሁ። በአካባቢ ክፈሉ፦ ጮቄን ሙሉ በሙሉ አውጡና በቀሩት ተራሮች የሠለጠነው ሞዴል የጮቄውን ተክል ያገኘው እንደሆነ እዩ።

የወደፊቱን አየር የሚተነብይ አንድ የአየር ንብረት ሞዴል ብቻ ይዞ መደምደም። ሙቀት መጨመሩ ላይ ሁሉም ሞዴሎች ይስማማሉ፤ በክረምቱ ዝናብ ላይ ግን ይለያያሉ። ቢያንስ አራት አምስቱን አስሉ፤ የተለያዩበትንም ቦታ በካርታው ላይ ለይታችሁ አሳዩ።