ርካሽ ታጣፊ ምላጭ እንዴት ይመረጣል? እጀታውን ራሳቸው ለሚሠሩ

እጀታው የተሰነጠቀ ወይም ጭራሽ የሌለው አሮጌ ታጣፊ ምላጭ ብታገኙ ቶሎ አትለፉት። ብዙ ገዢ ስለሚሸሸው ዋጋው ይወርዳል። እናንተ ደግሞ እጀታውን ራሳችሁ ልትሠሩ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለብረቱ ብቻ ክፈሉ።

የምናወራው ስለቱ ከራሱ ብረት ስለሚወጣ፣ በድንጋይ ስለሚሳል ምላጭ ነው። ፀጉር ቤት የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ምላጭ የሚገባበት መያዣ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መጀመሪያ አንገቱ ላይ፣ ማለትም ከስለቱ ቀጥሎ ወደ እጀታው በኩል ባለው ክፍል ላይ፣ የተመታውን ጽሑፍ አንብቡ። የጀርመኑ ዞሊንገን፣ የእንግሊዙ ሼፊልድ፣ የስዊድኑ ኤስኪልስቱና እና የፈረንሳዩ ቲዬር በምላጭ ስማቸው የታወቀ ከተሞች ናቸው። እንደ ሼፊልዱ ዌድ ኤንድ ቡቸር ያሉትን ታዋቂ ሠሪዎች ምላጭ ሰብሳቢዎች ስለሚሻሟቸው ዋጋቸው ይወደዳል። ከእነዚሁ ከተሞች የወጣ፣ ስሙ ያልታወቀ ምላጭ ግን በጣም ጥሩ ብረት ሊኖረው ይችላል። እኔ ሁሌም የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። የአገር ስም ከተጻፈበትም ዕድሜውን ለመገመት ይረዳል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት በሕግ ስላስገደደች።

ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ጀርባው ነው። ምላጭ ሲሳል ስለቱም ጀርባውም አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ። የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው እንግዲህ የጀርባው ውፍረት ነው። ስፋቱ (ከጀርባው እስከ ስለቱ) 19 ሚሊሜትር የሆነ ምላጭ ጀርባው 5.5 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ማዕዘኑ ከ16 እስከ 17 ዲግሪ ይመጣል፤ ለፂም የሚመች ነው። የቀድሞው ባለቤት ተጭኖ እየሳለ ጀርባውን ከበላው ግን ማዕዘኑ ይጠባል፤ ስለቱም ሳስቶ ቶሎ ይሸራረፋል። ጀርባው ላይ ቀጭንና ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ የሚያብለጨልጭ መስመር ብታዩ አትስጉ። መስመሩ አንድ ቦታ ሰፍቶ ሌላ ቦታ ከጠበበ ተዉት። ምላጩ እጃችሁ ላይ ካለ መስታወት ላይ በሁለቱም ጎኑ አስተኙት። ከተወዛወዘ ጠማማ ነው።

ቀጥሎ ስለቱን በአጉሊ መነጽር እዩ። ቀጥ ያለ ወይም መሃሉ ትንሽ ወደ ውጭ የወጣ ይሁን። ወደ ውስጥ ከጎደጎደ መሃሉ ድንጋይ አይነካም። ስንጥቅ ካለ አለቀ፣ አትግዙት። ገጹ ላይ ያለ ቀላል ዝገት በዘይትና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ስለቱ አጠገብ ያሉ ጥቋቁር ቀዳዳዎች ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ ስትስሉት እነሱ ጋ ሲደርስ ስለቱ ይሸረፋል። በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ የሁለቱንም ጎን፣ የጀርባውንና የስለቱን ፎቶ ጠይቁ። ሻጩ አልልክም ካለ ሌላ ፈልጉ።

ስፋት የሚለካው በስምንተኛ ኢንች ነው። ለጀማሪ 5/8 ወይም 6/8፣ ማለትም 16 ወይም 19 ሚሊሜትር ያህል፣ ይበቃዋል። የአንገቱ ቀዳዳ ክብና ያልሰፋ መሆኑንም አረጋግጡ።

አዲስ ከፈለጋችሁ የቻይናው ጎልድ ዶላር ርካሽ ነው፤ ብረቱም ይሳላል። ችግሩ ስለቱና አንገቱ የሚገናኙበት ቦታ ወፍራም ስለሆነ ድንጋይ ላይ በደንብ አይተኛም። እሱን ማስተካከል ልምድ ይጠይቃል።

አሮጌውን እጀታ ስታወጡ በመዶሻ አትጀምሩ። እጀታውን የያዘውን ሚስማር (ሪቬት) ራስ በሞረድ አጥፉና ቀስ ብላችሁ ግፉት። እጀታው ሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ ዓይነት) ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሲያረጅ የሚያወጣው ጋዝ ምላጩን ያዝገዋል፤ በቀላሉም በእሳት ይያያዛል። ከምላጩ አርቃችሁ አስቀምጡት፣ በማሽን አትሞርዱት።

ለአዲሱ እጀታ ዋንጫ የሚሠራበት የበሬ ቀንድ ግሩም ነው። በሙቀት አለስልሳችሁ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መሃል አጥብቃችሁ እሰሩትና እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ከዚያ ወደ 3 ሚሊሜትር ውፍረት አውርዱት። አቧራው ለሳንባ ስለማይበጅ ማስክ አድርጉ። የወይራ እንጨትም ያምራል። ለማጠፊያው 1.6 ሚሊሜትር የናስ ዘንግ ይሆናል። በእጀታው ጭራ በኩል በሁለቱ ገጾቹ መሃል የሚገባውን ሽብልቅ የድሮዎቹ ከእርሳስ ይሠሩት ነበር። እናንተ በናስ ወይም በእንጨት ሥሩት።

ትራፓኖ ከማንሳታችሁ በፊት ቅርጹን በካርቶን ቆርጣችሁ ምላጩን በቀዳዳው በኩል አያይዙት። አጥፉት፣ ክፈቱት። ሲታጠፍ ስለቱ ሙሉ በሙሉ ውስጥ መግባት አለበት፤ የምላጩ ጫፍም ሽብልቁ የሚቀመጥበትን ቦታ መንካት የለበትም። ካልሆነ ካርቶኑን አስተካክላችሁ እንደገና ቁረጡ።