ኮርስ ብስክሌቱ ሲያሳምም፣ ሲያርገፈግፍና ሲጮኽ፦ ምክንያቱና መፍትሄው

ዋጋው መካከለኛ የሆነ የአሉሚኒየም ኮርስ ብስክሌት አካልን ሲያሳምም ወቀሳው ቶሎ ቴላዮው (ሁሉ ነገር የሚገጠምበት የቱቦ አካሉ) ላይ ያርፋል። አብዛኛው ሕመም ግን የሚመጣው ከኮርቻው ከፍታ፣ ከመሪው ርቀትና ከጎማው ንፋስ ነው።

ጉልበት ከፊት ሲያም

ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ጉልበት ከመጠን በላይ እየታጠፈ ይገፋል። ሕመሙ ከጉልበት ኋላ ከሆነ፣ ወይም ሲነዱ ዳሌዎ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ኮርቻው ከፍ ብሏል። ጫማዎን አውልቀው ግድግዳ ተደግፈው ይቁሙ። መጽሐፍ በእግሮችዎ መሃል ወደ ላይ አጥብቀው ይያዙና ከመጽሐፉ አናት እስከ ወለሉ ያስለኩ። ውጤቱን በ0.883 ያባዙት፤ 80 ሴ.ሜ ከሆነ 70.6 ሴ.ሜ ይመጣል። ይህ የፔዳሉ ክንድ ከሚዞርበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርዝመት ነው። ከዚያ ተነስተው በ3 ሚ.ሜ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ እያደረጉ ይሞክሩ። ኮርቻውን የተሸከመው ዘንግ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት ግን ከቴላዮው ውጭ መታየት የለበትም፤ ቱቦው ይሰነጠቃል።

እጅ ሲደነዝዝ፣ አንገት ሲያም

መጀመሪያ የኮርቻውን አፍንጫ ይዩ። ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተትና ክብደቱ መዳፍ ላይ ይወድቃል፤ አግድም ያድርጉት። ካልተሻለ መሪው ርቋል። ብዙዎች ኮርቻውን ወደ ፊት በመግፋት ያቀርቡታል፤ ይህ ጉልበትን ያበላሻል። ትክክሉ መሪውን ከፎርኩ (የፊት ጎማውን ከያዘው ሹካ) ጋር የሚያያይዘውን ስቴም በአጭር መለወጥ ነው፣ ለምሳሌ 110 ሚ.ሜ የነበረውን በ90። መሪው በሚታሰርበት ቦታ የብዙዎቹ ስፋት 31.8 ሚ.ሜ ነው፤ ሳይለኩ ግን አይግዙ።

ሲገጥሙ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ ከላይ ያለውን የክዳኑን ብሎን መሪው እንደልብ እየዞረ ነገር ግን እስከማይንቀጠቀጥ ድረስ ያጥብቁ። ቀጥሎ መሪውን ከፊት ጎማው ጋር ያስተካክሉ፣ በመጨረሻም የጎን ብሎኖቹን ስቴሙ ላይ በተጻፈው ልክ (ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር) ያጥብቁ። የጎኖቹ ቀድመው ከጠበቁ የክዳኑ ብሎን ምንም አይሠራም፤ የፊት ፍሬን ይዘው ሲገፉ «ቋ ቋ» የሚለው ለዚህ ነው።

መንገዱ ሁሉ ሲያርገፈግፍ

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ የንፋስ ግፊት ቁጥር ጣሪያ ነው፤ እስከዚያ መንፋት አያስፈልግም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ25 ሚ.ሜ ጎማ 80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ይበቃል። ቴላዮው የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ 28 ሚ.ሜ ይግጠሙና 70 አካባቢ ይንፉ። ለዚህ ብስክሌት ከዚህ የተሻለ የገንዘብ አጠቃቀም የለም።

ሲጮኽ

የአሉሚኒየም ቱቦ ድምፅ ስለሚያጎላ ምንጩ ያሳስታል። ከኮርቻው ብድግ ብለው ይንዱ፤ ዝም ካለ ጩኸቱ ከኮርቻው ወይም ከዘንጉ ነው። ዘንጉን አውጥተው ይወልውሉትና ግራሶ ይቀቡት። ግራሶ ያላየ ዘንግ ከቱቦው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ካልተወው ፔዳሎቹን ፈተው የብሎን ጥርሳቸውን ግራሶ ይቀቡ፤ የግራው ጥርስ ተቃራኒ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ በመዞር ነው።

በቀኝ ጎኑ ከወደቀ በኋላ ማርሽ ሲዘል

የኋላውን ማርሽ ቀያሪ የያዘው ማንጠልጠያ ታጥፏል። ሽቦውን በማጥበቅና በማላላት አይድንም። አሮጌውን ይዘው ሄደው ልኩን ይግዙ፤ እስከዚያ ወደ ትልቁ የኋላ ማርሽ አይቀይሩ፣ ቀያሪው ጎማ ውስጥ ይገባል።

ብየዳው አጠገብ ስንጥቅ ሲታይ

መንዳት ያቁሙ። የአሉሚኒየም ቴላዮ ከተበየደ በኋላ ጥንካሬውን የሚያገኘው በእቶን ስለሆነ፣ ሰፈር ውስጥ ያስበየዱት ቦታ ዳር ዳሩ ለስልሶ እንደገና ይሰነጠቃል።