የወሎን ታሪክ ለመጻፍ የምትነሱ ልጆች፣ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ሰኔ ሲቃረብ «እስኪ አንዴ እዩልኝ» እያሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። ርእሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ሃይማኖት የደሴንና የአካባቢዋን አስተዳደር እንዴት እንደለወጠ። ደስ ይለኛል። ስህተቱም አንድ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

«ወሎ ከጥንት ጀምሮ የፍቅር አገር ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንቴ ሰረዝኳት! ፍቅሩ ውሸት ነው አላልኩም። ግን «ከጥንት ጀምሮ» ካላችሁ የቦሩ ሜዳን የሃይማኖት ጉባኤ የት ልታደርጉት ነው? በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ሲቀመጡ ክርክሩ ክርስቲያን ከክርስቲያን ነበር፤ ተዋሕዶና ሦስት ልደት የሚባሉ፣ በክርስቶስ ባሕርይ ላይ የተለያዩ ሁለት ወገኖች። ከዚያ ትእዛዙ ወደ ሙስሊሙ ዞረ። ሹም የሆነ ይጠመቅ፣ አለዚያ ሹመቱን ይልቀቅ ተባለ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሆኑ፤ ኋላ ራስ፣ በ1906 ደግሞ ንጉሥ። ኢማም አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው ምኒልክ ናቸው። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ግን አሻፈረኝ ብለው ተዋጉ። የተሰደደ አለ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ያደረም አለ። ጥምቀት የሹመት በር ሆነ ማለት ነው። ስለ አስተዳደር እየጻፋችሁ ይህን ከዘለላችሁ ምን ቀረ?

ዓመተ ምሕረቱን ከፈረንጁ አታደባልቁ። አንድ ልጅ ጉባኤውን በ1870፣ የሚካኤልን ጥምቀት በ1878 አድርጎ አመጣልኝ። ሰውየው ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያመነቱ ኖረዋል!

በስም ሃይማኖት አትቁጠሩ። ይህን ራሴ ሠርቼዋለሁ። ወጣት ሳለሁ የአንድ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው የቀብር መረዳጃ ማኅበር፣ መዝገብ ተውሼ ስሞቹን ክርስቲያንና ሙስሊም ብዬ በሠንጠረዥ ለየሁ። ለቅሬው ዳኛ በኩራት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «ልጄ፣ ይኸን ሰውዬ እኮ ለሁለት ሰነጠቅኸው» አሉኝ። የራሱ ስም ወዲህ፣ የአባቱ ወዲያ ነበር። ወረቀቱን እዚያው ቀደድኩት።

የሚያዝያ 12 ቀን 1966ቱን የሙስሊሞች መብት ሰልፍ «የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የእኛም ቢሮዎች ለኢድ የሚዘጉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቅሬን ደግሞ «ባህል» የሚል ምዕራፍ ውስጥ አትቅበሩት። በሰፈር እንጂ በሃይማኖት ያልተደራጀ ቅሬ ሄዳችሁ እዩ። ድንኳኑ አንድ፣ መዝገቡ አንድ፣ ዕቃ ቤቱ አንድ። መቃብር ቁፋሮ የቀረ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ መቀጮው እኩል ነው። ሰርግ ሲሆን ግን እርዱ ሁለት፣ ድስቱም ሁለት። ሃይማኖት ሹመቱን ሲለይ ቅሬውን ለምን ሳይለይ ቀረ? እውነተኛው ጥያቄ ይኼ ነው፤ ቢሮ ያለ ፋይል ብቻ እያገላበጣችሁ አታገኙትም።

በመጨረሻ፣ ሽማግሌን «እንዴት ተቻቻላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የቴሌቪዥኑን መልስ ይሰጧችኋል። «ባለፈው ሰርግ ማን አረደ? የማንን ድስት ማን ጠበቀ?» በሉ። ከዚያ አብሽሩ፣ ዝም ብላችሁ ቡናችሁን ጠጡ። ወሬው የሚመጣው በረካ ላይ ነው፤ መቅረጫችሁን ቶና ላይ አታጥፉ።