እጃችን ንዝረትን እንዴት እንደሚለይ በራስዎ የሚፈትሹበት መንገድ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ የተሻገረ ሰው የጀልባውን ጠርዝ ሲይዝ መዳፉን የሚነዝረውን ስሜት ያውቀዋል። ይህ ስሜት ከተራ ንክኪ የሚለየው ጊዜ ስለሚፈልግ ነው፤ ቆዳ አንዴ ቢገፋ ግፊት ይባላል እንጂ ንዝረት አይባልም፣ ንዝረት የሚሆነው ግፊቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ሲመላለስ ነው። እጃችን ይህን መመላለስ እንዴት እንደሚከታተል ቤት ውስጥ ባሉ ዕቃዎች መፈተሽ ይቻላል።

በመጀመሪያ ሰፌድ ያቅርቡ። ዐይንዎን ጨፍነው የአመልካች ጣትዎን ጫፍ ከመሐል ወደ ጠርዝ በጣም በዝግታ ያንሸራትቱ፤ እያንዳንዱ የስፌት ዙር ለብቻው እንደ ጉብታ ይሰማል። ከዚያ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ሲጨምሩ ጉብታዎቹን መቁጠር ያቅትዎታል፤ ሁሉም ተያይዘው አንድ ወጥ ንዝረት ይሆናሉ። በሰከንድ ከ10 እስከ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን በዋናነት የሚለዩት ከቆዳው ወለል አጠገብ ያሉት የማይስነር ተቀባዮች (ንክኪን የሚለዩ ጥቃቅን የነርቭ አካላት) ሲሆኑ፣ ከዚያ በላይ የሚፈጥነው በጥልቀት የተቀመጡት የፓቺኒ ተቀባዮች ድርሻ ነው።

ስለ ፓቺኒ ተቀባይ ትንሽ ማለት ይገባል፤ ከአካላችን ጥቃቅን ክፍሎች ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ እርሱ ነውና። ጣሊያናዊው ፊሊፖ ፓቺኒ ገና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1831፣ የሰው እጅ ሲመረምር ያገኘው ይህ አካል አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚረዝምና እንደ ሽንኩርት በድርብርብ ሽፋን የተጠቀለለ ሲሆን በመካከሉ የነርቭ ጫፍ አለ። ጣትዎን ጠረጴዛ ላይ ጫን አድርገው ቢያቆዩት ሽፋኖቹ ግፊቱን ስለሚያረግቡት ነርቩ ወዲያው ዝም ይላል፤ ፈጣን መመላለስ ሲመጣ ግን ለማርገብ ጊዜ አያገኙምና እያንዳንዱ ሞገድ ነርቩ ዘንድ ይደርሳል። በሰከንድ 250 ጊዜ ገደማ ለሚመላለስ ንዝረት ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ እንቅስቃሴ እንኳ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ስልክዎን በታጠፈ ጋቢ ሥር አስቀምጠው መዳፍዎን ከላይ ያሳርፉ፤ ሌላ ሰውም መጀመሪያ አጭር መልእክት እንዲልክ፣ ቀጥሎ እንዲደውል ያድርጉ። ጋቢው ንዝረቱን አድክሞት ከሆነ አጭሩ ሊያመልጥዎት ይችላል፣ ረጅሙ ግን ይሰማዎታል፤ ምክንያቱም የፓቺኒ ሥርዓት የሚደርሰውን ምልክት እስከ አንድ ሰከንድ ገደማ እያጠራቀመ ይመዝናል። ሁለቱም ካልተሰሙ እጥፉን ይቀንሱ።

ጀልባ ላይ ሲወጡ ደግሞ በአንድ እጅዎ ብቻ ጠርዙን ይዘው ለበርካታ ደቂቃዎች ሳይለቁ ይቆዩ። ሞተሩ ሳይቀንስ ስሜቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ወዲያው ለቀው የሚንቀጠቀጠውን ስልክ በየተራ በሁለቱም እጆችዎ ሲይዙት ጠርዙን ይዞ የቆየው እጅ ደካማ ንዝረት ይሰማዋል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግን ሁለቱ እኩል ይሆናሉ።

ከጀልባው ሲወርዱ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ፈልገው፣ ዐይንዎን ጨፍነው በሐይቁ ዳር ጫፉን አንዴ ጭቃ፣ አንዴ ድንጋይ ያስነኩት። ድንጋዩ የሚሰማዎት ዘንጉን በያዘው መዳፍዎ ላይ ሳይሆን እዚያው ውኃው ውስጥ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ ነው።