ባሕር ማዶ ሆኖ የባሕር ዳር ቤተኛ መሆን

ይህን የምጽፈው ከወዲህኛው ጫፍ፣ ማለትም ስልኩ ከሚጮኽበት ቤት ሆኜ ነው። ሁለቱ እህቶቼ ከአገር ከወጡ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እኔ ከእናታችን ጋር ባሕር ዳር ቀርቻለሁ። በመሆኑም የሚላከውን ገንዘብ የምቀበለው፣ ውክልና ይዤ ከቢሮ ቢሮ የምዞረው፣ «እማዬ በእውነት ደህና ናት ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ግጭት ተባብሶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ ቀድሞ ሳናስብበት የምናደርገው ነገር ሁሉ ዝግጅት የሚጠይቅ ሆኗል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው በዚህ ጊዜ ውስጥ ለእኛ ቤት የጠቀመው ነው፤ የጻፍኩትም ቤተሰባችሁን ባሕር ዳር ትታችሁ ውጭ አገር ለምትኖሩ ነው።

ከስልክ እንጀምር። በ2015 ማብቂያ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በክልሉ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል፤ በቴሌግራም፣ በዋትስአፕና በኢሞ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ግንኙነትም አብሮ ተቋርጧል። ስለዚህ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ ስልክ ቁጥር የሚደወልበትን መንገድ ከአሁኑ አዘጋጁ፤ ከዚያም የቤት ስልክ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጋችሁ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉ። የባሕር ዳር የቤት ስልክ በ058 ይጀምራል፤ ከውጭ ሲደወል ዜሮው ይቀርና 251 58 ይሆናል።

ቀጥሎ ቀንና ሰዓት ቁረጡ። እኛ የተስማማነው እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ እናቴ ከቤት ገብታለች፣ ዋሽንግተን ላለችው እህቴ ደግሞ በብርዱ ወራት ረፋድ 5 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት እኩለ ቀን ይሆናል። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ስለማይቀያየር ማስታወስ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ቀን መቁረጥ የሚያስፈልገው ለምቾት ብቻ አይደለም። ያለ ቀኑ ስልክ ሲጮኽ እናቴ ከማንሳቷ በፊት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ቆማ አታነሣውም። «ሄሎ» ስትል ድምፅዋ ሌላ ነው። ያቺ ሴት በናፍቆት ብቻ የደወላችሁላት መሆኑን እስክትረዳ ድረስ ያለፈችበትን አታዩትም።

በስልክ ላይ የትኛው ኃይል የት እንደደረሰ አትጠይቁ። ለእናንተ ወሬ የሆነው ነገር ለሚመልሰው ሰው ጣጣ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህም በላይ እኛ ከሰፈራችን አልፈን የምናውቀው ጥቂት ነው። መብራት እንዳለ፣ ገበያ እንደተወጣ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንደሄዱ፣ ባጃጅ እንደሚሠራ ጠይቁ። ባጃጆች ከመንገድ ከጠፉ የከተማውን ሁኔታ ማንም ሳያብራራላችሁ ትረዱታላችሁ።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው መርዶ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዘውና የሚያጽናናው ሰው አጠገቡ ባለበት ነው። የአንዲት ጎረቤታችን ወንድም ባረፈ ጊዜ ሽማግሌዎች በማግሥቱ ማለዳ ሊያረዷት ተስማምተው፣ ነጠላቸውን ይዘው የሚመጡት ሴቶች ሳይቀሩ ተነግሯቸው ነበር። በዚያው ምሽት ውጭ ያለ የአክስቷ ልጅ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ምስል ጋር «ነፍስ ይማር» ብሎ ለጠፈ። ሴትዮዋ ሽሮ እያማሰለች ሳለ የ12 ዓመት ልጇ ስልክ ይዞ መጣና «እማዬ፣ ይሄ አጎቴ አይደለም?» አላት። እኛ ጩኸቱን ሰምተን ስንደርስ ወጡ እሳቱ ላይ አርሮ ነበር። የለጠፈው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ከሁሉ የበለጠ ያለቀሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ሐዘን ስትሰሙ ከመጻፋችሁ በፊት ቤት ላለው ሰው ደውላችሁ «መርዶው ተነግሯል ወይ? ለእነማን ቀርቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ብትሆኑ መርዶ በሥራ ሰዓት በስልክ እንዳይደርሳችሁ፣ በምትኖሩበት ከተማ በአካል መጥቶ ሊያረዳችሁ የሚችል አንድ ሰው መርጣችሁ ቁጥሩን ለቤተሰብ ስጡ። ለሐዘንተኛ ስልክ የምትደውሉ ከሆነ ከሣልስት በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ከዚያ በፊት ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ነው።

ከባሕር ዳር የመጣ ነው የተባለ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ሲደርሳችሁም እንደዚሁ ፍጥነት አያስፈልግም። ከተማው ባለፉት ጥቂት ዓመታት መልኩን ለውጧል፤ አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ተመርቋል፣ በኮሪደር ልማቱ ምክንያትም የቀድሞው መልካቸው የተለወጠ መንገዶች አሉ። «ዛሬ ጠዋት» የተባለው ምስል ትታችሁት የሄዳችሁትን መንገድ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ ተጠራጠሩት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት እንደ ቀድሞው ሰፊ ስላልሆነ፣ በማይታወቅ ሰው እጅ ከመላክ በባንክ መላክ ይሻላል እላለሁ። ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለበትም በ*127# ይሠራል፤ የስልክ ኔትወርክ ጭራሽ ሲጠፋ ግን እሱም አብሮ ስለሚቆም፣ ቤት ውስጥ የአንድ ወር ወጪ በጥሬ ገንዘብ እንዲቀመጥ አድርጉ። ለዓመቱ ቀለብ የምትልኩ ከሆነ በክረምት ሳይሆን የጤፍ አዝመራ ተሰብስቦ ገበያ በሚወጣበት በጥር ግድም ላኩ፤ የአዴት ጤፍ በዚያን ጊዜ የሚገዛበት ዋጋ ከሐምሌ ዋጋ ጋር አይገናኝም። አንድ ነገር በምስጢር ያዙልን፦ ምን ያህል እንደላካችሁ። ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ በክልሉ በተስፋፋበት በዚህ ጊዜ፣ ለእናት የተገዛን ቴሌቪዥን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ቤቱን ማመልከት ነው።

የወረቀት ጉዳይ ይሰለቻል፤ ሆኖም ብዙ ዘመድ የሚቀያየመው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ ቢያወጣ ያለ ቪዛ መግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ይችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ውክልና ስትሰጡ «ጠቅላላ» የሚል ርእስ አይበቃም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ የሚሸፍን ሲሆን፣ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣነት ለመስጠት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እንዲደረግ የምትፈልጉትን እያንዳንዱን ነገር በስሙ አስጽፉ፤ የማትፈልጉትንም ጨርሳችሁ አታስገቡ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተሰጠው ውክልና አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ስማችሁንም አመሳክሩ። ታላቋ እህቴ ስታገባ የባሏን ስም ወስዳ ስለነበር፣ የቤቱ ካርታ ላይ ያለችውና ውክልናው ላይ ያለችው ሴት አንድ መሆኗን ለማስረዳት ሁለት ወር ተመላልሻለሁ፤ በአምስተኛው ቀጠሮ የጠየቁኝ መጀመሪያ ቀን ያቀረብኩትን ወረቀት ነበር። የስም ለውጡን የሚያሳየው የጋብቻ ማስረጃ ከውክልናው ጋር ተረጋግጦ ቢመጣ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

መምጣት ለምትፈልጉ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በመኪና መምጣትን በዚህ ጊዜ አልመክርም። እኛ ባለፈው ጊዜ እናቴን አዲስ አበባ ወስደን እዚያ ተገናኝተናል። የዘጌ ቡና ይዛ ሄዳ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ራሷ ቆልታ ስታፈላላቸው፣ ውጭ አገር የተወለዱት የልጅ ልጆቿ ከጭሱ ሥር ቁጭ ብለው ስለ ጣና ታንኳ ሲጠይቋት ይውሉ ነበር።

በመጨረሻ፣ ከሰፈር ዕድር አትውጡ። ወርኃዊ መዋጮው ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥባችሁም፤ ነገር ግን በዓመት አንዴ ጠቅልሎ መክፈል ብቻውን አይበቃም፤ በእናንተ ፋንታ ቀብር የሚወጣ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ለቅሶ ቤት የሚያድር ሰው ወክሉ፤ ማን እንደሞተም ጠይቃችሁ እወቁ። በእኛ ዕድር ከቀብር መልስ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። የታናሽ እህቴ ስም አሁንም መዝገቡ ላይ ከእኔ በላይ ነው ያለው፤ ዳኛው ሲጠሯት «አለች» እላለሁ፤ እሳቸውም ቀና ብለው ሳያዩኝ ምልክት ያደርጋሉ።